አርባ ምንጭን ከታሪካዊ ከተሞች ተርታ ያሰለፋት ምንድን ነው?

ታሪካዊ ከተማ ሲባል ዓይናችን ግንብ ይፈልጋል። አስተማሪ በነበርንባቸው ዓመታት ተማሪዎቻችን የሚጠሩልን ባግዳድን፣ ኮርዶባን፣ ኢስታንቡልን፣ ከአገር ውስጥም ሐረርን ነበር። አርባ ምንጭን የጠራልን አልነበረም። የጋሞ ጎፋ ዋና ከተማነትን ከጨንቻ የተረከበች የትናንት ከተማ ስለሆነች ብዙም አይገርምም። ስሟ ከተነሳም የሚነሳው ከምንጮቿና ከጫሞ አዞዎች ጋር ነው።

እኛ ግን በመስከረም 2011 ዓ.ም በሆነው ነገር ምክንያት ከታላላቆቹ ተርታ እናሰልፋታለን። በቡራዩና አካባቢው በደረሰው ጥቃት የጋሞና የሌሎች የደቡብ ብሔረሰቦች ተወላጆች ተገደሉ፣ ብዙዎች ተፈናቀሉ። ወሬው አርባ ምንጭ ሲደርስ ወጣቱ በቁጣ ወጣ። ዒላማው በከተማዋ የሚኖሩ፣ በቡራዩው ወንጀል እጃቸው የሌለበት የኦሮሞ ተወላጆችና ንብረታቸው ነበር። የጋሞ አባቶች እርጥብ ሳር ይዘው በመንገዱ ላይ ተንበረከኩ። ወጣቱ ተመለሰ።

ይህ የአንድ ቀን ስሜት አልነበረም። ጋሞ ጉዳዩን በዱቡሻ ተሰብስቦ የሚመክር ሕዝብ ነው፤ ሳር ይዞ የተንበረከከን ሽማግሌ አልፎ መሄድም በባህሉ ጎሜ፣ ማለትም ነውርና መዘዝ የሚያስከትል በደል ነው። ሽማግሌዎቹ የተንበረከኩት ይህን ለሚያውቅ ወጣት ነበር።

ለሙስሊም አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይደለም። የስሪብ መዲና ከመሆኗ በፊት አውስና ኸዝረጅ በደም ቂም የሚተላለቁባት ቦታ ነበረች። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) በ622 ወደዚያ ሲሰደዱ ከመጀመሪያ ሥራዎቻቸው አንዱ ጎሳዎቹን በአንድ ውል ማስተሳሰር ነበር። የዚያች ከተማ ታሪክ የጀመረው በቀል ከቆመበት ነው።

ወደ ራሳችን እንመለስ፤ ይህን መጻፍ ለእኛም ቀላል አይደለም። ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ዓ.ም በጎንደር በአንድ አባት ቀብር ላይ ሙስሊሞች ተገደሉ፣ መስጊዶች ተቃጠሉ። ሐዘናችን ከባድ ነበር፤ ፍትሕ መጠየቃችንም ትክክል ነው። ግን በቀናት ውስጥ ወራቤ ላይ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። የወራቤ ክርስቲያን በጎንደር ምን አድርጓል? ቁርአን ከአንድ ቦታ በላይ ደጋግሞ ያጸናው የግል ተጠያቂነት መርህ ለዚህ ጥያቄ መልሱ ግልጽ ነው። ወራቤ ላይ እሳቱ ሽማግሌውን ቀደመው።

የጋሞን አባቶች ስናወድስ አንድ ነገር መሳት የለብንም። እርጥብ ሳር ፍርድ ቤትን አይተካም። በቡራዩም ሆነ በጎንደር ወገኑን ያጣ ሰው ከሽምግልና ሌላ ፍርድም ይገባዋል። ፍርዱ ሲዘገይ የሽማግሌው ቃል ክብደት ይቀንሳል፤ ሁለተኛ ጊዜ ሲንበረከክ የሚሰማው ወጣት ቁጥር ያንሳል።

ሌላው ፍጥነት ነው። የሞት ወሬ ዛሬ ከምስል ጋር በስልክ የሚደርሰው በደቂቃ ውስጥ ነው። አርባ ምንጭ ላይ አባቶቹ ከወጣቱ እኩል መንገድ ላይ ነበሩ። የእኛ መጅሊሶችና ኢማሞች እንዲህ ያለ ወሬ ማክሰኞ ከደረሳቸው እስከ ጁሙዓ ኹጥባ ይጠብቃሉ ወይስ በዚያው ሰዓት ወጥተው ከወጣቱ ፊት ይቆማሉ?