«ኔትወርክ ነው» አትበሉን!

በዚህ ከተማ ለተበላሸ ነገር ሁሉ የተዘጋጀ መልስ አለ፦ «ኔትወርክ ነው»። ኔትወርኩ ንጹሕ ነው እያልኩ አይደለም፤ እኔም እንደናንተው ፓኬጅ ገዝቼ የምናደድ ሰው ነኝ። ግን ሰው የሠራው ጥፋት በእሱ ሲላከክ ዝም አልልም።

ለአንድ ድረ ገጽ በፍሪላንስ የቀጥታ ዘገባ እጽፍ ነበር። አንባቢ «ገጹ ቆሟል» ይላል። ገጹን እንደገና ሲከፍተው የጻፍኩት ሁሉ አለ። ሳይከፍተው ግን የለም፤ «ቀጥታ» የምትለዋ ቀይ ምልክት ብቻ ትበራለች። አዘጋጁ «ዘግይተሃል» ብሎ ከክፍያዬ ቆረጠ። የቴክኒክ ክፍሉስ? ኔትወርክ ነው!

ሰዓት ይዤ ቆጠርኩ። ዝም ባልኩ በ60ኛው ሰከንድ ይቋረጣል። ሁልጊዜ 60። ወዳጆቼ፣ ኔትወርክ ሰዓት አያስርም!

ነገሩ እንዲህ ነው። የቀጥታ ገጽ የሚሠራው ዌብሶኬት በሚባል፣ እንዳልተዘጋ ስልክ ክፍት ሆኖ በሚቆይ መስመር ነው። ከሰርቨሩ ፊት ደግሞ ብዙ ጊዜ ኢንጂንኤክስ የሚባል ዘበኛ ይቆማል። «መስመሩን ክፍት አድርጉልኝ» የሚለው ጥያቄ «አፕግሬድ» እና «ኮኔክሽን» በሚባሉ ሁለት መስመሮች ይመጣል፤ ዘበኛው ካልታዘዘ ወደ ውስጥ አያሳልፋቸውም። ይህን ማሳለፍ ከ2013 ጀምሮ ይችላል፤ ሁለት ሦስት መስመር ትእዛዝ ነው። የእኛዎቹ እሱን ጽፈዋል። ያልነኩት «ፕሮክሲ ሪድ ታይምአውት» የሚባለውን ነው። ካልነኩት ከውስጥ ለ60 ሰከንድ ድምፅ ሲጠፋ በሩን ይዘጋል። ተመልሶ የሚደውል፣ ያመለጠውንም የሚጠይቅ ኮድ ደግሞ ገጹ ላይ አልነበረም።

እኔን ያናደደኝ እዚህ ላይ ነው። አንድ ወሬ ለማጣራት አሥር ደቂቃ ስልክ ይደወላል። የሚያጣራ ጋዜጠኛ ዝም ይላል፤ ዝም ሲል አንባቢው ይቋረጥበታል። በየሠላሳ ሰከንዱ አሉባልታ የሚለጥፈው ግን መስመሩ አይዘጋም! ማንም ሳያስብበት የተተወ አንድ ቁጥር፣ ማን ተዓማኒ ማን ዘገምተኛ እንደሚባል ወሰነ።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ሰርቨሩ በየ30 ሰከንዱ «አለሁ» የምትል ትንሽ ምልክት ይላክ፤ መስመር ሲቋረጥም ገጹ ተመልሶ ያመለጠውን ይጠይቅ። ጊዜውን ወደ አንድ ሰዓት ማራዘምም ይቻላል፤ ብቻውን ከሆነ ግን የሞተ መስመር ያከማቻል።

ቁጥሩን ካሳየኋቸው በኋላ ያስተካከሉት በዚያው ቀን ነው። የተቆረጠውን ክፍያዬን ልጠይቅ ሒሳብ ክፍል ሄድኩ። «ሲስተም የለም» አሉኝ።