«መንዝ የሚል የለም»

ባለፈው ክረምት ከመሐል ሜዳ የመጡ አክስቴን ይዤ አዲስ አበባ ውስጥ ወዳለ አንድ ቢሮ ሄጄ ነበር። ጉዳዩ ቀላል ነው፤ አድራሻ አስመዝግቦ አንዲት ወረቀት ይዞ መመለስ። መዝጋቢዋ ትሑት ወጣት ነች። «እማማ፣ ከየት ነው የመጡት?» አለቻቸው። «ከመንዝ» አሉ። ኮምፒውተሩ ላይ የተዘረገፈውን ዝርዝር ወደ ታች ወደ ላይ አመላልሳ «መንዝ የሚል የለም» አለች። አክስቴ ወደኔ ዞረው «ትናንት ጥዬው የመጣሁት ምንድን ነው ታዲያ?» አሉኝ። ሦስታችንም ሳቅን።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ልጅቷ ክልሉ ላይ በስሕተት «ኦሮሚያ»ን መርጣለች። ዞኑ ላይ «ሰሜን ሸዋ»ን ስታገኝ ትክክለኛው ቦታ ላይ ያለች መሰላት። በእሱ ሥር የወጡላት ግን ኩዩ፣ ደገም፣ ግራር ጃርሶ ነበሩ። ስሕተቱን ስነግራት ይቅርታ ጠይቃ ክልሉን ወደ «አማራ» ቀየረችው፤ የቀረውንም ሞልታ ወረቀቱን አተመችልን። ቤት ገብተን ስናነበው እንዲህ ይላል፦ «አማራ ክልል፣ ሰሜን ሸዋ ዞን፣ ኩዩ ወረዳ»። እንዲህ ያለ ቦታ በኢትዮጵያ ምድር የለም። ለማስተካከል ሁለት ቀን ተመላለስን። የተሰጠን መልስም የታወቀው ነው፤ «ኮምፒውተሩ ነው»።

ኮምፒውተሩ አይደለም። ይህን የምለው ስለ አንድ ቢሮ ለመክሰስ አይደለም፤ ሁላችንንም የሚነካ የአሠራር ጉድለት ስለሆነ ነው።

ሲጫኑት ወደ ታች የሚዘረገፈው የምርጫ ዝርዝር ተቆልቋይ ዝርዝር ይባላል። ክልል፣ ዞን፣ ወረዳ፣ ቀበሌ ሲሆን አራት ዝርዝሮች እንደ ሰንሰለት ይያያዛሉ። የላይኛው ሲመረጥ የታችኛው በእሱ ሥር ያሉትን ብቻ ማሳየት አለበት። ይህን ብዙዎቹ ፕሮግራሞች ያደርጉታል። የሚረሳው ሁለተኛው ግዴታ ነው፦ የላይኛው ሲቀየር ከታች ቀድሞ የተመረጠው መጥፋት አለበት። ብዙ መሥሪያ ቤት የሚገለገልበት ኤክሴል ይህን በራሱ አያደርገውም። ዝርዝሮቹን «ኢንዳይሬክት» በሚባለው ፎርሙላ ብታያይዟቸውም፣ ክልሉን ስትቀይሩ የቀድሞው ወረዳ ዝም ብሎ እንደተጻፈ ይቀራል። አክሰስ ላይም የላይኛው ምርጫ በተቀየረ ቁጥር የታችኛው ሣጥን ባዶ እንዲሆንና ዝርዝሩን እንደገና እንዲጠራ ሠሪው ራሱ ማዘዝ አለበት። ሁለት መስመር ትእዛዝ ናት። የአክስቴን ሁለት ቀን የበላችው ያልተጻፈችው ሁለት መስመር ነች።

ችግሩ ግን በዚህ አያበቃም። የአገራችን አስተዳደር መዋቅር ራሱ ለእንዲህ ያለ ዝርዝር ፈተና ነው።

አንደኛ፣ ስም ይደጋገማል። ሰሜን ሸዋ ሁለት ነው፤ አንዱ መቀመጫው ደብረ ብርሃን፣ ሌላው ፍቼ። አዲስ አበባ 11 ክፍለ ከተሞች አሏት፤ «ወረዳ 03» ሲባል የየትኛው ክፍለ ከተማ እንደሆነ ካልተነገረ ምንም አልተባለም። ፕሮግራሙ የሚያያይዘው በስም ከሆነ መሳሳቱ አይቀርም። ማያያዝ ያለበት የማይደገም መለያ ቁጥር ነው።

ሁለተኛ፣ አንዱን ስም በብዙ ፊደል እንጽፈዋለን። መርሐቤቴ፣ መርሃቤቴ፣ መርሀቤቴ፦ ለጆሯችን አንድ ናቸው፣ ለኮምፒውተር ሦስት። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ ለየሆሄው የየራሱ ቁጥር ተሰጥቶታል፤ ሐ እና ሀ ለማሽኑ እንደ በ እና ከ የተለያዩ ናቸው። የዞኑን ሰንጠረዥ የጻፈው ሰው «ሰሜን»፣ የወረዳውን የጻፈው «ሠሜን» ካሉ፣ ሰንሰለቱ እዚያው ይበጠሳል፤ የወረዳው ዝርዝርም ባዶ ይሆናል። ከመስኮቱ ፊት የቆመው መርሐቤቴ «የለህም» ይባላል።

ሦስተኛ፣ መዋቅሩ ይቀየራል። በንጉሡ ዘመን መንዝና ግሼ በሸዋ ጠቅላይ ግዛት ሥር አንድ አውራጃ ነበር፤ መርሐቤቴም እንዲሁ። ዛሬ አውራጃ የለም። መንዝ ጌራ፣ መንዝ ማማ፣ መንዝ ላሎ፣ መንዝ ቀያ ገብርኤል እያለ በየወረዳው ተከፍሏል፤ ግሼም ለብቻው ወረዳ ሆኗል። ስለዚህ ልጅቷ ትክክለኛውን ክልል መርጣ ቢሆን እንኳ ብቻውን የቆመ «መንዝ» አታገኝም ነበር። ሩቅ ሳንሄድ፣ የቀድሞው የደቡብ ክልል ከ2012 እስከ 2015 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት አራት ክልሎች ሆኗል፦ ሲዳማ፣ ደቡብ ምዕራብ፣ ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ። ዝርዝሩ ከ2012 በፊት ተሞልቶ ያልታደሰ ፕሮግራም የሐዋሳን ሰው ዛሬም የሌለ ክልል ነዋሪ ያደርገዋል።

እንግዲህ ሐሳቤ ይህ ነው። ዝርዝሮቹ ከላይ ወደ ታች ብቻ ሳይሆን ከታች ወደ ላይም ይነጋገሩ። ባለአገር የሚያውቀው መንደሩን፣ ገበያውንና ወረዳውን ነው፤ ከክልል ጀምሮ እንዲወርድ ማስገደድ የመንግሥትን መዋቅር ከመንግሥት በላይ እንዲያውቅ መጠየቅ ነው። መዝጋቢዋ «ጌራ» ብላ ስትጽፍ «መንዝ ጌራ፣ ሰሜን ሸዋ፣ አማራ» የሚል መስመር ይውጣላት፤ እሱን ስትመርጥ ዞኑና ክልሉ በራሳቸው ይሞሉ። «መንዝ» ብቻ ብትጽፍ አራቱም ይዘርዘሩላትና «የትኛው መንዝ ነው፣ እማማ?» ብላ ትጠይቅ። ይህ ጥያቄ «የለም» ከሚለው መልስ በብዙ ይሻላል።

ሠሪዎች ችግር አለው እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ እውነት አላቸው። ወረዳው ክልሉን ሲቀይር፣ የተቀየረው ክልል መልሶ ወረዳውን ካጠፋ ፕሮግራሙ ራሱን እያሳደደ ይዞራል። መፍትሔው ግን የታወቀ ነው፤ ለውጡ ከሰው ጣት ይምጣ ወይስ ከራሱ ከፕሮግራሙ ለይቶ እንዲያውቅ ማድረግ። የስሞቹና የመለያ ቁጥሮቹ ዝርዝር ግን የአንድ ሠሪ ሥራ አይደለም። መንግሥት አንድ ይፋዊ ዝርዝር፣ እያንዳንዱ ወረዳ መቼ እንደተመሠረተና ከየትኛው እንደተከፈለ ጭምር፣ ማንም አውርዶ እንዲጠቀምበት ማውጣት አለበት። አሁን ግን እያንዳንዱ ቢሮ የየራሱን ኢትዮጵያ ይጽፋል።

«በዚህ በጦርነትና በኑሮ ውድነት ዘመን ስለ ዝርዝር ታወራለህ?» የሚለኝ አይጠፋም። ስለዚሁ ዘመን ነው የማወራው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሰሜን ሸዋ ሲደርስ ስንቱ ቤቱን ጥሎ ወጥቷል። ደብረ ብርሃን ከሌላ አካባቢ የተፈናቀሉ ወገኖችን አስጠልላለች። የተፈናቀለ ሰው ስንዴም፣ ማስረጃም፣ መመለሻም የሚያገኘው በተመዘገበበት አድራሻ ነው። አድራሻው የሌለ ቦታ ከሆነ እሱም ከመዝገቡ ውጭ ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር ልለምን። ፕሮግራም የምትሠሩ፣ ከማስረከባችሁ በፊት ሁሉንም ሞልታችሁ ስታበቁ ክልሉን ቀይሩት። ወረዳው ንቅንቅ ካላለ ሥራው አላለቀም። መስኮት ላይ የምትቆሙ ደግሞ፣ ወረቀቱ ሳይታተም ስክሪኑን አዙረው እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁና ከወረዳ ወደ ክልል አንብቡት። እኔ ያን ቀን አላነበብኩም። አክስቴ አሁን ትክክለኛ ወረቀት አላቸው፤ ሲያዩት ግን ዛሬም «መንዝን አገኙት?» ይላሉ።