ሐይቁ ለሞተር ጀልባ ብቻ አይደለም

በሐዋሳ ሐይቅ የሞተር ጀልባ ይከልከል ወይስ እንደ ልቡ ይነዳ በሚለው ክርክር ስለ ገቢ ብዙ ይወራል፤ ስለ ውኃው የሚናገር ግን ጥቂት ነው። ሐይቁ ወደ 90 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ይሰፋል። ጥቁር ውኃ ወንዝ ይገባበታል፤ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ ግን የለውም። ስለዚህ የፈሰሰበት ዘይት ታጥቦ የሚሄድበት መንገድ የለም። ቤንዚንና ዘይት ተደባልቆ የሚሞላላቸው የቆዩ ሞተሮች ደግሞ ከነዳጃቸው ከፊሉን ሳያቃጥሉ ውኃው ውስጥ ይለቁታል።

ዓሣ አስጋሪው መረቡን ወደ ማታ ዘርግቶ ጠዋት ያነሣል። በመሸ ሰዓት የሚከንፍ ጀልባ ቢበጥስበት ማን ይክሰዋል? ቆሮሶ የተባለው ዓሣ የሚራባውም ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ነው፤ ጎብኚ የሚጫነውም ከዚያው። (ጉማሬ ለማሳየት ተብሎ አፍንጫው ሥር መጠጋትማ ድፍረት እንጂ አገልግሎት አይባልም።)

ፈጽሞ መከልከሉን አንደግፍም፤ በዚህ ሥራ ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ ወጣቶች አሉ። ነገር ግን ዳርቻው የፍጥነት ገደብ ይኑረው። መረብ የሚዘረጋበት አካባቢ ከምሽት እስከ ንጋት ለሞተር ይዘጋ። ነዳጅ ከውኃው ርቆ ይሞላ፤ የሕይወት አድን ጃኬት የሌለው ጀልባም ሰው አይጫን።

ሐይቁን የሲዳማና የኦሮሚያ ክልሎች ይጋሩታል። በአንዱ ዳርቻ ብቻ የወጣ ደንብ ጀልባውን ወደ ማዶ ከማሻገር አያልፍም። ስለዚህ ሁለቱ አስተዳደሮች አስጋሪዎቹንና ጀልባ ነጂዎቹን በአንድነት ጠርተው የጋራ ደንብ ያውጡ።