ልጁን ብቻውን አትላኩት

ዛሬ የማነሳው ጉዳይ ለአንዳንዶቻችሁ የልጆች ጨዋታ ሊመስል ይችላል። ስለ ስካውት ነው። ይሁን እንጂ በትምህርት ክፍላችን ስለ ቤተሰብና ስለ ማኅበረሰብ ስንማር ስለምንውል፣ እቤታችን የገጠመንን ባወጋችሁ ከመስመር የወጣሁ አይመስለኝም።

ታናሽ ወንድሜ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ባለፈው ዓመት ከጓደኞቹ ሰምቶ "ሰፈራችን ያለው ስካውት ውስጥ ካልገባሁ" ብሎ ቤቱን አመሰው። እናቴ፣ ቅዳሜን ሙሉ ስልክ ላይ አፍጥጦ ከሚውል ይሻላል ብላ ወዲያው ተስማማች። አባቴ ግን "ዩኒፎርምና ሰልፍ ያለበት ነገር ውስጥ ልጄ አይገባም!" አሉ። በቃ፣ ነገሩ እዚያ ላይ ቆመ።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ላይ አባቴን እንደ ግትር ነበር የቆጠርኳቸው። በኋላ ሲያጫውቱኝ ግን ገባኝ። እሳቸው ወጣት በነበሩበት በደርግ ዘመን በቀበሌ አኢወማ ተደራጅተው ነበር። ከስብሰባ መቅረት ያስጠይቃል። ልጁ የት እንደዋለ፣ ምን እንደተነገረው ደፍሮ የሚጠይቅ ወላጅ አልነበረም ይላሉ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ? በዚያ ላይ የስካውት መሥራች ቤደን ፓወል የእንግሊዝ ጦር መኮንን ነበር። "ስካውት" የሚለው ቃልም ቃኚ ማለት ነው። ስለዚህ የአባቴ ጥርጣሬ ከመሬት ተነስቶ የመጣ አይደለም።

ታዲያ እኔ ለምን ደገፍኩት? ቤደን ፓወል እ.ኤ.አ. በ1907 በብራውንሲ ደሴት የመጀመሪያውን ካምፕ ሲያዘጋጅ የወሰዳቸው ልጆች 20 ያህል ነበሩ። ከፊሎቹ ከሀብታም ትምህርት ቤቶች፣ ከፊሎቹ ከሠራተኛ ቤተሰብ የመጡ ናቸው። በዚያን ጊዜዋ እንግሊዝ በአንድ ማዕድ የማይቀርቡ ልጆች አንድ ድንኳን ውስጥ አደሩ። እኔን የሳበኝ ይሄ ነው። ሰንበት ትምህርት ቤትም፣ ቁርአን ቤትም መልካም ነገር ያስተምራል፤ ግን ልጆቻችን ተለያይተው የሚማሩበት ነው። የጎረቤት ልጆች ሁሉ አንድ ላይ ገመድ የሚቋጥሩበት ቦታ ስንት አለን?

በመጨረሻ እናቴ አስታረቀችን። "አንተ አብረኸው ሂድና እይ" ተባልኩ። ሄድኩ። ልጆቹ የቋጠሮ ዓይነት ይለማመዳሉ፣ ነስር ሲያስቸግር ምን እንደሚደረግ ይማራሉ፣ ግቢ ይጠርጋሉ። ወንድሜ እቤት አልጋውን ሳይነጥፍ የሚወጣ ልጅ፣ እዚያ መጥረጊያ ሲሻማ አየሁት!

የመጀመሪያው ቀን ማታ ግን ጉድ ፈላ። ልጁ አባቴን በግራ እጁ ሊጨብጥ ዘረጋ። "በግራ እጅ? ይህንን ነው ያስተማሩህ?" ብለው ተቆጡ። የስካውት ሰላምታ በግራ እጅ መሆኑን፣ ግራ እጅ ለልብ ይቀርባል እንደሚሉ አስረዳኋቸው። አባቴ "ልቡን ወደዚያ፣ እጁን ወደዚህ" ብለው በቀኝ አስጨበጡት። አሁን ወንድሜ እዚያ በግራ፣ እቤት በቀኝ ይጨብጣል። ማንም አልተጎዳም።

ይህን ስል ግን አባቴ ሙሉ በሙሉ ተሳስተዋል ማለቴ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ የነበረውን እንመልከት። የአሜሪካ ቦይ ስካውት በልጅነታችን ተደፍረናል የሚሉ ከሳሾች ስለበዙበት እ.ኤ.አ. በ2020 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። አቤቱታ ያቀረቡት ከ80 ሺህ በላይ ናቸው። ድርጅቱ በ2025 ስሙን እንኳ ቀይሯል። እነዚህን ልጆች የላኳቸው ወላጆች ክፉ አልነበሩም፤ አመኑ፣ ላኩ፣ ተመለሱ። ዛሬ እዚያ አንድ አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር ለብቻው እንዳይሆን፣ ቢያንስ ሁለት አዋቂዎች እንዲገኙ ደንቡ ያዛል። ትንንሾቹ ደግሞ ከወላጅ ወይም ከሌላ አዋቂ ጋር ነው የሚሳተፉት።

ስለዚህ እንደ እኔ እንደ እኔ ጥያቄው "ልጁ ይግባ ወይስ አይግባ?" መሆን የለበትም። ቤተሰቡ አብሮ ይገባል ወይ? ነው። ወላጅ በፈለገው ሰዓት መጥቶ ቁጭ ብሎ ማየት ይችላል? ልጁ ከአንድ ሰው ጋር ብቻውን የሚቀርበት ጊዜ አለ? "ለቤተሰብህ አትናገር" የሚባል ነገር አለ? ልጁ ቢሰለቸው ያለ ኩርፊያ መውጣት ይችላል? ለነዚህ ቀጥተኛ መልስ የማይሰጥ ቡድን ስካውትም ይሁን ሌላ፣ ልጃችንን ሊረከበን አይገባም። ዩኒፎርሙም ቢሆን ቀስ ብሎ ይድረስ። ሸሚዝ መግዣ ያጣ ልጅ በር ላይ ከቀረ የብራውንሲው ድንኳን ትርጉም የለውም።

አባቴ ከሁለት ወር በኋላ አንድ ቅዳሜ መጡ። በር ላይ ቆመው ማየት ጀመሩ። ድሮ የጭነት መኪና ረዳት ስለነበሩ ገመድ ያውቃሉ። አንዱ ልጅ ሲቋጥር አይተው "ይሄ አይይዝም" አሉና ገቡ። እስከ ምሳ ሰዓት አልወጡም። ዩኒፎርሙን አሁንም አይወዱትም፤ ልጁን ግን እሳቸው ራሳቸው ያደርሱታል።

እኛም ብንሆን ስለ ልጅ አስተዳደግ በወረቀት ብቻ ከምንከራከር፣ ወር በገባ አንድ ቅዳሜ በየሰፈራችን እንዲህ ያሉትን ቡድኖች ሄደን ብናይ፣ ብናግዝ፣ ካስፈለገም ብንጠይቅ ምን ይለናል?