ልጁ ኮምፒዩተር ልግጠም ሲል ገንዘቡ የት ይሂድ?

የልጅ ልጅ መጥቶ «ሳባ፣ ኮምፒዩተር ራሴ ልገጣጥም ነውና አግዘኝ» ሲል አብዛኞቻችን «የተሠራውን ግዛና ተገላገል» እንላለን። እኔ በዚህ አልስማማም። አባቶቻችን በጎንደር ገጠር ብረት ቀጥቅጠው ማረሻ ያወጡ ባለ እጆች ናቸው፤ ልጁ በእጄ ልሥራ ሲል መከልከል አያምርብንም።

ግን ገንዘቡን ከመስጠታችን በፊት ዝርዝሩን በወረቀት ጽፎ ያምጣ። ወጣቱ ብሩን ሁሉ ለጨዋታ በሚፈልገው ግራፊክስ ካርድ ላይ ያፈስና፣ «ፓወር ሰፕላይ» ለሚሉት የኤሌክትሪክ ሳጥን የተረፈችውን ሳንቲም ይወረውራል። ይኼ ነው የማይገባኝ። ከግድግዳ የሚመጣውን 230 ቮልት ወደ 12 እና ከዚያም በታች አውርዶ ለሁሉም የሚያድለው እኮ እሱ ነው! ርካሹ ሲቃጠል ሌላውንም ይዞ ሊሄድ ይችላል። ስንት ዓመት ዋስትና አለው ብላችሁ ጠይቁት።

ደግሞ ዕቃው እርስ በርሱ መግጠሙን ይንገራችሁ። የኤኤምዲ ኤኤም5 ቦርድ የሚቀበለው ዲዲአር5 ሜሞሪ ብቻ ነው፤ ከአሮጌ ኮምፒዩተር የተነቀለ ዲዲአር4 አይገባበትም። የኢንቴል ፕሮሰሰርማ ጭራሽ አይቀመጥበትም። ሜሞሪውም አንድ ባለ 16 ጊጋ ከሚሆን ሁለት ባለ 8 ቢሆን ይፈጥናል።

ለትምህርት ከሆነ የሚፈልገው፣ ካርዱ ለጊዜው ሊቀር ይችላል፤ ብዙ ፕሮሰሰሮች ምስል ማውጫ በውስጣቸው አላቸው። ካርዱን ከዓመት በኋላ ሠርቶ ባገኘው ሸቀል ይግዛው። ቦታው ቦርዱ ላይ ይጠብቀዋል።