ኪራይ የሚቀበል ስለ ሰፈሩ ሰላምም ይጠየቅ

ሰፈር በታወከ ቁጥር በየከተማችን አንድ የተለመደ ፍርድ ይሰማል፤ «ተከራይ ነው» ይባላል። ሌሊቱን ሙዚቃ ሲያስጮህ ያደረው፣ ቆሻሻውን ከፎቅ የወረወረው፣ ሰክሮ የጎረቤቱን በር የደበደበው ሁሉ ማንነቱ ሳይጣራ «ተከራይ» ይሆናል። መፍትሔውም አብሮ ይነገራል፤ ይባረር፣ አለዚያም ፖሊስ ይጠራ። እኔ ደግሞ እላለሁ፤ ሰፈርን ለአዋኪ አሳልፎ የሰጠው በዋናነት ኪራይ እየተቀበለ ኃላፊነት የማይቀበለው አከራይ ነው። አከራይ ስል ባለግቢውን ብቻ ማለቴ አይደለም። በዚህች አገር ትልቁ አከራይ መንግሥት ነው።

እንዴት ቢሉ፣ ከ1967 ዓ.ም. እንጀምር። በዚያ ዓመት ሐምሌ ወር የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን ወረሰ። ወርኃዊ ኪራያቸው ከመቶ ብር በታች የነበሩት ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት በተለምዶ «ኪራይ ቤቶች» ለሚባለው መሥሪያ ቤት ተሰጡ። ቀበሌው በአንድ ጊዜ አከራይም፣ ኪራይ ሰብሳቢም፣ የራሱ የፍርድ ሸንጎ ያለው ዳኛም ሆነ። ብዙም ሳይቆይ ያው ቀበሌ የቀይ ሽብር መሣሪያ ሲሆን፣ ነዋሪው ጎረቤቱን ለባለሥልጣን ከመክሰስ ዝም ማለትን ተማረ። ቤቶቹም ያለ ጥገና አረጁ። በቀበሌ ቤት ግቢ ውስጥ የስንቱ ጠብ መነሻ የሞላ የጋራ ሽንት ቤትና የጋራ ቧንቧ እንደሆነ የኖረበት ያውቀዋል። አከራዩ ያልጠገነው ቧንቧ ሁለት ተከራዮችን ሲያጣላ፣ «አዋኪ» ተብለው የሚከሰሱት ሁለቱ ተከራዮች ናቸው።

የጋራ መኖሪያ ቤቱ ታሪክም ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በአዲስ አበባ፣ ኋላም በክልል ከተሞች ሕንፃዎቹ ተገነቡ። ዕጣ ወጣ፤ ቁልፍ ተሰጠ፤ ዜና ተሠራ። ዕጣ ግን ጎረቤትን አያውቅም። ለዓመታት ዕድር የጠጡ፣ ልጅ ያሳደጉ ሰዎች በየሕንፃው ተበተኑ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 370 የሕንፃውን አስተዳደር ለማኅበር ሰጠ። የማኅበሩ አባል ግን የቤቱ ባለቤት ነው፤ ባለቤቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ቤቱን አከራይቶ ሌላ ሰፈር፣ አንዳንዴም ሌላ አገር ይኖራል። በደረጃው የሚወጣና የሚወርደው፣ በላዩ ቡና የሚወቀጥበት፣ ምድር ቤት በተከፈተው ጭፈራ ቤት እንቅልፍ የሚያጣው ተከራይ በስብሰባው ድምፅ የለውም። ለእርድና ለልብስ ማጠቢያ ተብሎ የተሠራው የጋራ ቤት ለነጋዴ ሲከራይም የሚጠይቀው አይኖርም። ከዚያ በኋላ «በደረጃ ላይ በግ አረደ» ብሎ ሰውን መውቀስ ምን ይባላል?

ሕጉ እንኳ ይህን ያህል አልሳተም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1225 ጎረቤትን ከልክ ባለፈ ጢስ፣ ጥቀርሻ፣ መጥፎ ሽታ፣ ድምፅና ንዝረት ማስቸገርን ይከለክላል። ግዴታውን የጣለው በማን ላይ ነው? በባለሀብቱ ላይ! ስድሳ ዓመት ያለፈው ሕግ የሚያውቀውን የዛሬ አከራይ እንዳላወቀ ይሆናል።

መንግሥት በበኩሉ የሚቀናው ጅራፉ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የአደገኛ ቦዘኔነት መቆጣጠሪያ አዋጅ ቁጥር 384 የተጠረጠረውን ሰው ዋስትና ከለከለው። ከ1997 ምርጫ በኋላም «አደገኛ ቦዘኔ» የሚለው ስም አደባባይ በወጡ ወጣቶች ላይ ተለጠፈ። እንግሊዞችም ሞክረውታል፤ እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጡት ሕግ ሰፈር አዋኪን በፍርድ ቤት ትእዛዝ ይገድቡ ነበር። ትእዛዙን የጣሰ እስከ አምስት ዓመት ሊታሰር ይችል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 ሕጉን በሌላ ለወጡት። እኛ አገር ዛሬ፣ በተለይ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ግጭት ባልለየው በአማራ ክልል፣ በጎረቤት ላይ የታጠቀ አካል መጥራት ቀላል ነገር አይደለም። ስለ ሙዚቃ ጩኸት የተጀመረ ክስ በምን እንደሚያልቅ ማን ዋስ ይሆናል?

ታዲያ ምን ይሻላል? ከደሴ በስተሰሜን ምዕራብ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ ወደምትገኘው ኩታበር እንሂድ። በዚያም ሆነ በሌላው የወሎ ደጋ፣ አዲስ አበቤው ዕድር የሚለው ነገር ቅሬ ይባላል። በብዙ ቦታ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ቅሬ ያድራሉ። ቅሬ ከአባሉ የይዞታ ማረጋገጫ አይፈልግም፤ የሚፈልገው ሰው ሲሞት መቅበርን፣ ሲጠሩት መምጣትን ነው። ሰፈር ያወከ ሰው በመጀመሪያ ይመከራል፤ እምቢ ካለ በቅሬው ዳኛ ፊት ይቀርባል፤ ይቀጣል። በመጨረሻ ከቅሬ ይወጣል፤ ይህም ለቅሶውን ብቻውን እንዲያለቅስ መፍረድ ነው። የቅሬ ጉልበት ከዱላው አይመነጭም፤ ተቆጥሮ የገባ ሰው መውጣትን ስለሚፈራ ነው። ያልቆጠሩትን ሰው በምን ያስፈራሩታል?

ቅሬን ግን እንደ ታቦት አልሸከመውም። ዩኒቨርሲቲ በገባባቸው እንደ መካነ ሰላም ባሉ ከተሞች ለሁለትና ለሦስት ዓመት ክፍል የሚከራየው ተማሪና የመንግሥት ሠራተኛ ከቅሬው ውጭ ቀርቶ ይኖራል። ሽምግልናም ሚስቱን የሚደበድበውን ባል «የቤት ጉዳይ» ብሎ ሲያልፍ ታይቷል። ድብደባ ወንጀል ነው፤ ቦታው ፖሊስና ፍርድ ቤት ነው። ሽማግሌ ሊሸፍነው አይገባም።

ስለዚህ የምጠይቀው ጥቂት ነው። አንደኛ፣ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ ያዛል። የሰፈሩ ደንብ፣ የአከራዩ የጥገና ግዴታም ጭምር፣ በዚያው ውል ይግባ። ሁለተኛ፣ በጋራ ሕንፃ ማኅበርም ሆነ በመንግሥት ቤቶች ግቢ ተከራይ ወንበርና ድምፅ ይኑረው። ሦስተኛ፣ ከምክር ወደ ጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፣ ከዚያ ወደ ቅጣት የሚወጣ ደረጃ ይበጅ። ማስለቀቅ የመጨረሻው ይሁን፤ እሱም በፍርድ ቤት ብቻ። አለዚያ ኪራይ ለመጨመር የፈለገ ሁሉ ተከራዩን «አዋኪ» እያለ ያስወጣዋል። አራተኛ፣ በምድር ቤቱ ጭፈራ ቤት ያስከፈተ ባለንብረት ከተከራዩ ጋር እኩል ይጠየቅ።

ተከራዩም ከግዴታው አያመልጥም። ወንበር የተሰጠው ሰው ስብሰባ ይገባል፤ ለሰፈሩ ያዋጣል፤ ጎረቤቱን ያከብራል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የምንለው ለባለካርታ ብቻ ከሆነ ተረቱን እንተወው።