የከሰል መቅላት መርዙን አያጠፋም!

«ከሰሉ ውጭ ቀልቶ ጭሱ ካለቀ መኪና ውስጥ ቢገባ አይጎዳም» የሚሉ አሉ። ይህ ወሬ ሰው ይገድላል!

ዘንገና ሐይቅ ዳር መኪና ውስጥ ለማደር ያሰባችሁ ወላጆች፣ የእንጅባራ ብርድ እንደሚከብድ እናውቃለን። አዊ ደግሞ ከሰል አምራች ነው፤ በቀላሉ ይገኛል። ግን የቀላው ፍምም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ጋዙ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል።

«መስኮት ገርበብ አድርገናል» ዋስትና አይሆንም። ሞተር አስነስቶ መተኛትም ያው አደጋ ነው።

ለልጆቻችሁ ጋቢ፣ ብርድ ልብስ፣ ካልሲና ኮፍያ ያዙ። ራስ ምታት፣ ማዞር ወይም ማስታወክ ከጀመራችሁ ሁላችሁም ውጡ፤ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ።

ለሌሎችም ሼር አድርጉ።